በባዕድ ተማሪ ቤት ያገር አስተማሪ፤ ከመተማ በር እስከ ጀንዳና አምቦበር

ተማሪ ቤት በተሠራ ጊዜ በደጁ ላይ የሚጻፈው ስም አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓይነት ሰው ስም ነው፤ አንደኛው ገንዘብ የሰጠው፥ ሁለተኛው ከሩቅ አገር መጥቶ መሠረት ያኖረው ነው። ሦስተኛው ሰው፥ ይኸውም በየማለዳው ደወል የሚደውለው፥ ሕፃኑን በእናቱ ቋንቋ የሚያስተምረውና የሚመክረው፥ ገንዘቡ በዘገየ ጊዜ የሚቸገረው፥ መሥራቹ ወዳገሩ በተመለሰ ጊዜ ከልጆቹ ጋራ የሚቀረው ያገር ልጅ ግን ስሙ በመዝገብ ጠርዝ እንኳ በጭንቅ ይገኛል። በጎንደር ዙሪያ፥ ከመተማ ቆላ በላይ ባለው አገር፥ በባዕድ ገንዘብ የቆሙ ተማሪ ቤቶች ከመቶ ዓመት የበለጠ ታሪክ አላቸው። ይህም ታሪክ በጥሞና ሲመረመር አንድ ነገር ያስረዳል። እነዚያን ቤቶች የከፈታቸው የባዕድ ገንዘብ ቢሆንም፥ ጸንተው እንዲቆዩ ያደረጋቸው ያገሩ አስተማሪ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ተብሎ በሚመከርበት ሸንጎ ለርሱ ወንበር አልተዘረጋለትም።

ከጎንደር ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ በጭልጋ በኩል ደጋውን ትቶ ወደ ቆላው ሲገባ ምድሩ እየሞቀ ይሄድና በመተማ ላይ የሱዳን ድንበር ይቀበለዋል። ከመተማ በስተ ሰሜን የአርማጭሆ ቆላ ይገኛል፤ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ አብርሃ ጅራም በዚያ ናት። የዛሬ ሰው ይህን አገር የሚያውቀው በሰሊጡና በማሽላው፥ በአጨዳም ጊዜ ከደጋ በሚወርደው ሠራተኛ ብዛት ነው። የቀድሞ ሰው ግን የሚያውቀው በበርነቱ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በአውሮፓ ዘመን አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1772 ከጎንደር ወደ ስናር የወጣው በዚህ ወረዳ በኩል ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምም ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲመጣ በ1858 ዓ.ም. በኅዳር ወር መተማ ደርሶ የንጉሡን ፈቃድ ጠበቀ። ነጋዴው፥ መልእክተኛው፥ ወንጌል ሰባኪው ከምጽዋ መንገድ ሌላ የሚያውቀው በር ይህ ነበረ።

በዚሁ ዘመን በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ያለው የቅዱስ ክሪሾና ተማሪ ቤት፥ ከግብጽ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ አሥራ ሁለት ማረፊያ በየመንገዱ ለመሥራት አስቦ አሳቡን «የሐዋርያት መንገድ» ብሎ ሰየመው። ከታሰቡትም ማረፊያዎች አንዱ መተማ ነበረ። ወደዚያ የተላኩት ሰዎች አናጢነትና አንጥረኝነት የተማሩ፥ በእጃቸው ሥራ እየኖሩ መጽሐፍ እንዲያድሉ የታዘዙ ነበሩ። የቆላው ንዳድ ግን አልራራላቸውም። መንገዱም እንደ ታሰበው ሳይፈጸም ቀረ። ነገር ግን ከመንገዱ ጫፍ፥ በጣና ሐይቅ ሰሜን በደንብያ ምድር፥ ጀንዳ በምትባል መንደር አንድ ተማሪ ቤት ተተከለ።

የጀንዳ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። ከመሪዎቹ አንዱ ማርቲን ፍላድ ነበረ። እርሱን ወደ ኢትዮጵያ የላከው በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የነበረውና ቀደም ብሎ በ1830 እ.ኤ.አ. በጎንደር የተቀመጠው ሳሙኤል ጎባት ነው። ሌላው አሮን ስተርን የሚባል፥ በለንደን ያለው አይሁድን ወደ ክርስትና ለመመለስ የቆመ ማኅበር መልእክተኛ ነበረ። ሁለቱም የፈለጉት በዘመኑ መጻሕፍት ፈላሻ የተባሉትን፥ ራሳቸውን ግን ቤተ እስራኤል ብለው የሚጠሩትን ሕዝብ ለማስተማር ነበር። አቡነ ሰላማና ዐፄ ቴዎድሮስ ፈቃድ ሲሰጧቸው አንድ ቁርጥ ያለ ውል አገቧቸው፤ የሚያምነው ሁሉ የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንጂ በባዕድ ሥርዓት እንዳይሆን። ስለዚህ በጀንዳ የባዕድ ተማሪ ቤት ሊኖር ተፈቀደ፥ የባዕድ ቤተ ክርስቲያን ግን አልተፈቀደም።

ይህ ውል በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በአስተማሪው ሕይወት ግን ከባድ ሸክም ነበረ። ከቀደሙት ተጠማቂዎች አንዱ ደብተራ ብሩ ነበሩ፤ እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ገና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ሌላውን እንዲያስተምሩ ተመደቡ። በትውልዳቸው ቤተ እስራኤል፥ በጥምቀታቸው የተዋሕዶ ልጆች፥ በደመወዛቸው የለንደንና የባዝል ሠራተኞች ነበሩ። በቤተ እስራኤል ዘንድ «አትንኩን» የሚባለው ሥርዓት ጽኑ ስለ ነበረ፥ ከውጭ ሰው ጋራ የበላና የተነካካ ሰው ሳይታጠብና ሳይነጻ ወደ ወገኑ ቤት አይገባም። የተጠመቀው አስተማሪ እንግዲህ ያሳደገችውን እናት ቤት በደጅ ሆኖ ሊያይ ይገባው ነበር። የአካባቢው ክርስቲያን ደግሞ በጥርጥር ያየዋል፤ ከፈረንጅ ጋራ የሚውል፥ ምን እንደሚያስተምር የማይታወቅ ነው ይለዋል። በ1862 እ.ኤ.አ. የቤተ እስራኤል ካህናትና የተጠመቁት ሰዎች በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርበው ተከራከሩ። በዚያው ዓመት አባ መሐሪ የሚባሉ መነኵሴ ብዙ ወገናቸውን አስከትለው፥ ባሕሩ ይከፈልልናል ወደ ኢየሩሳሌምም እንገባለን ብለው ተነሡ፤ በትግሬ ምድር ብዙው ሰው በረኃብና በበሽታ አለቀ። በአንድ ወገን እንዲህ ያለ መናወጥ ሲነሣ፥ ለመናወጡ ምክንያት ነህ ተብሎ የሚወቀሰው በመንደሩ የሚኖረው አስተማሪ ነው፤ ለንደን ያለው ማኅበር አይደለም።

የዚህን አስተማሪ ኑሮ በቅርቡ ካለው ከጉባኤ መምህር ኑሮ ጋራ ማስተያየት ነገሩን ይገልጠዋል። በጎንደር በአታ የአቋቋም ወንበር ላይ የሚቀመጥ መምህር የሚኖረው ደብሩ ከሰጠው መሬት ወይም ምእመናን ከሚያመጡት ነው። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ይማራል። መምህሩ ድኃ ቢሆን ከወገኑ ጋራ ድኃ ነው። ሥራውን የሚመረምሩትም ያንኑ ትምህርት የሚያውቁ ሊቃውንት ናቸው። የጀንዳ አስተማሪ ግን እንጀራው የሚመጣው ካላያቸው ሰዎች ነው። ሥራው የሚመረመረውም ያገሩን ቋንቋ በማያውቁ ሰዎች ፊት በሚነበብ ዘገባ ነው። ሃምሳ ሕፃናት ፊደል ቢቈጥሩ ይህ በዘገባው ጥቂት ቦታ ይይዛል። አንድ ሰው ቢጠመቅ ግን ረዥም ወሬ ይሆናል። ስለዚህ አስተማሪው የሚደክምበት ነገርና ደመወዙ የሚመዘንበት ነገር አንድ አልነበረም። በእጁ የያዘው መጽሐፍ እንኳ የዚሁ ታሪክ ምስክር ነበረ፤ በ1840 እ.ኤ.አ. በለንደን በሙሉ የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጐሙት በግብጽ አገር በፈረንሳይ ቆንስል ዘንድ ተቀጥረው የሠሩት የጎጃሙ ሊቅ አቡ ሩሚ ናቸው። መጽሐፉ በየአገሩ ሲዘራ ያሳታሚው ማኅበር ስም ታወቀ፤ የተርጓሚው ስም ግን በጥቂት ሊቃውንት ዘንድ ብቻ ቀረ።

በ1856 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ዐፄ ቴዎድሮስ ስተርንን አሠሩት፤ ፍላድና ሌሎችም ባልንጀሮቹ ተከትለው ታሠሩ። በ1860 ዓ.ም. በሚያዝያ መቅደላ በወደቀ ጊዜ እስረኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ካገር ወጡ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የአውሮፓ ሰባኪ በግዛታቸው እንዲቀመጥ አልፈቀዱም። በዚህ ጊዜ የጀንዳ ሥራ ሞተ ተብሎ ሊታሰብ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አልሞተም። ደብተራ ብሩና ባልንጀሮቻቸው በየመንደሩ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በልጅነታቸው በፍላድ ቤት ያደጉት ሚካኤል አረጋዊም በቅዱስ ክሪሾና ተምረው በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመልሰው የመሪነቱን ሥራ ያዙ። ፍላድ ከአውሮፓ ሆኖ በደብዳቤ ያዛቸው ነበር። ሊገናኙት በፈለጉ ጊዜም እርሱ ወደ ደንብያ መምጣት ስላልተፈቀደለት፥ እነርሱ የብዙ ሳምንት መንገድ ተጕዘው በምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ ምንኩሉ ወረዱ።

በዚህ ሥፍራ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ባዕዶቹ በደንብያ በነጻነት የሠሩት ከአራት ዓመት አይበልጥም። ያገር ልጆች ግን ያለ እነርሱ ሠላሳ ዓመት የሚያህል ሠሩ። ሆኖም ሥራው በአውሮፓ መጻሕፍት ሲጠራ የፍላድ ሥራ ተባለ። ፍላድ ሥራውን ወዳጅ ነበረ፥ እስከ ዕድሜውም ፍጻሜ አልተወውም፤ በዚህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰውና በተጻፈው ደብዳቤ መሠረት በመንደር ውስጥ ፊት ለፊት የሚቆም ሰው አደጋቸው እኩል አይደለም።

ይህም በክፉው ቀን ታየ። በ1880 ዓ.ም. በጥር ወር የመሐዲ ጦር በአቡ አንጃ መሪነት በመተማ በር ገብቶ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር በሳር ውኃ ድል ነሣ፤ ደንብያን ዘርፎ ጎንደርን አቃጠለ፥ አብያተ ክርስቲያኑንም አፈረሰ። በ1881 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ጦርነት ቆስለው በማግስቱ ዐረፉ። ጦሩም ሳያባራ የከብት እልቂትና ክፉው ረኃብ ተከተለ፥ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስም አገሩን ባዶ አደረገው። በዚያ ዘመን የጉባኤው መምህርና የጀንዳው አስተማሪ በአንድ መከራ ውስጥ ወደቁ፤ ሁለቱም ተማሪዎቻቸውን ቀበሩ፥ ሁለቱም መጻሕፍታቸው ሲቃጠል አዩ። በአውሮፓ ያሉት ለጋሾች መከራውን በደብዳቤ አነበቡት። ከደጋው የተረፉት አስተማሪዎች ግን እንደገና ሕፃናት ሰብስበው ከሀ ጀመሩ።

ጉዳዩ የአንድ መንደር ብቻ እንዳልነበረ የአለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ታሪክ ያስረዳል። አለቃ ታዬ የቤጌምድር ሰው ሲሆኑ የተወለዱት በይፋግ ነው። የስዊድን ወንጌላዊ ማኅበር በምንኩሉ በተከለው ተማሪ ቤት ከተማሩ በኋላ እዚያው አስተማሪ ሆኑ፥ መጽሐፈ ሰዋስውንም ጽፈው አሳተሙ። ወዳገራቸው ሲመለሱ በሃይማኖት ተከሰሱ፤ ዐፄ ምኒልክም ጥበቃ አደረጉላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1908 ድረስ በበርሊን በምሥራቅ ቋንቋዎች ተማሪ ቤት አማርኛና ግእዝ አስተማሩ። ከአውሮፓ ሲመለሱ ግን ክሱ እንደገና ተነሥቶባቸው ታሠሩ። በባዕድ አገር የአገሩ ሊቅ ተብሎ የተከበረው ሰው ባገሩ የባዕድ ሰው ተብሎ ተጠረጠረ። ከሁለት ያጣ የሚባለው ይህ ነው። የክርክሩ ፍርድ ለሊቃውንት የሚተው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን በባዕድ ደመወዝ የሚያስተምር ያገር ልጅ የሚከፍለው ዋጋ በገንዘብ ብቻ የማይቈጠር መሆኑን ማመልከት ነው።

የጀንዳ ሥራ ሌላ ወሬም ወደ አውሮፓ አደረሰ። አይሁዳውያን ሊቃውንት በኢትዮጵያ ወገኖቻችን ሃይማኖታቸውን ሊለውጡ ነው ብለው ተነሡ። ዮሴፍ ሃሌቪ እ.ኤ.አ. በ1867ና በ1868 መጥቶ ጐበኛቸው። የርሱ ተማሪ ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1904 እ.ኤ.አ. መጥተው በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ወጣቶች ይዘው ተመለሱ፤ አንደኛው ጌቴ ኤርምያስ፥ ሁለተኛው ታምራት አማኑኤል ነበሩ። ታምራትን ያገኟቸው በአስመራ በስዊድን ማኅበር ተማሪ ቤት ሲማሩ ነው። ወጣቱ በፓሪስ በመምህራን ተማሪ ቤት፥ ኋላም በጣልያን በፊሬንዜ ከተማ በአይሁድ ሊቃውንት ተማሪ ቤት ተማሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወዳገራቸው ተመለሱ። በ1916 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካና በአውሮፓ በተሰበሰበ ገንዘብ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ተማሪ ቤት ተከፈተ፤ አቶ ታምራትም ዲሬክተር ሆኑ።

አሁን እንግዲህ ያገር ልጅ ከአስተማሪነት አልፎ የቤቱ አለቃ ሆነ። ይሁን እንጂ ቁልፉን ያዘ እንጂ ሣጥኑን አልያዘም። ዶክተር ፋይትሎቪች አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር ገንዘብ ሲሰበስቡ ይኖሩ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ እርሳቸው የተጻፉት የአቶ ታምራት ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ቀርተዋል፤ በእነርሱም ውስጥ የገንዘብ ማጠርና መዘግየት ደጋግሞ ይነሣል። ከደንብያና ከወገራ የብዙ ሳምንት መንገድ በእግሩ መጥቶ በግቢው ያደረ ሕፃን፥ የአሜሪካ ለጋሾች ገንዘብ እስኪልኩ ድረስ ጾሙን ሊያድር አይችልም። የሚያበላው ዲሬክተሩ ነው፤ ከየት እንደሚያበላውም የሚጨነቀው እርሱ ነው።

ከገንዘቡም ይልቅ የአሳብ ልዩነት ነበረ። ዶክተር ፋይትሎቪች ቤተ እስራኤልን በአውሮፓ አይሁድ ሥርዓት መልሶ ማነጽ ይወዱ ነበር። አቶ ታምራት ግን ወገናቸው የራሱ ታሪክና የራሱ ቅድስና እንዳለው ያውቁ ነበር። ስለ ቤተ እስራኤል መነኮሳትና ስለ ቅዱሳን ቦታዎቻቸው የጻፉት ማስታወሻ ኋላ በሊቃውንት እጅ ታትሞ ይገኛል። የባዕዱ ተማሪ ቤት አስተማሪ እንደ ጉድለት የታየውን ነገር እንደ ቅርስ መዝግቦ ማቆየቱ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው። መሥራቹ ሕዝቡን የሚያየው ሊሆን ከሚገባው ነገር አንጻር ሲሆን፥ ያገሩ አስተማሪ የሚያየው ከሆነው ነገር አንጻር ነበር። ለማስተማር ሁለቱም ዓይን ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ትእዛዙ ይመጣ የነበረው ከአንደኛው ወገን ብቻ ነው።

በጠቅላላው ሃያ አምስት የሚያህሉ ወጣቶች በዶክተር ፋይትሎቪች አማካይነት ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ተልከዋል። አንዳንዶቹ ከብርድና ከበሽታ የተነሣ በባዕድ አገር ወይም ከተመለሱ በኋላ በወጣትነታቸው ሞቱ። የተረፉት ወዳገራቸው ገብተው አስተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ሆኑ። የኢጣልያ ወረራ በመጣ ጊዜ ተማሪ ቤቱ ተዘጋ። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 ቀን ጀምሮ የተማሩ ኢትዮጵያውያን እየተፈለጉ ሲገደሉ፥ አቶ ታምራት አምልጠው ወደ ውጭ ወጡ። ሞት የተፈረደባቸው በባዕድ ቋንቋ ማንበብ የቻሉ ኢትዮጵያውያን ስለ ሆኑ እንጂ የማን ተማሪ ቤት አለቃ እንደ ነበሩ ተጠይቆ አይደለም። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ባገራቸው በትምህርት ሚኒስቴር፥ ኋላም በፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን አገለገሉ። በ1963 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ከነዚያ ወጣቶች አንዱ በጎንደር አጠገብ በወለቃ የተወለዱት አቶ ዮና ቦጋለ ነበሩ። በኢየሩሳሌም፥ በጀርመንና በስዊስ ተምረው ተመለሱ፥ በአዲስ አበባው ተማሪ ቤትም አስተማሩ። ከነጻነት በኋላ የመንግሥት ሥራ ይዘው ነበር፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ያንን ትተው የወገናቸውን ተማሪ ቤቶች ለመምራት ወደ ጎንደር ተመለሱ። በዚያን ጊዜ የአይሁድ ኤጀንሲ የሚባለው ድርጅት በአስመራ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፍቶ ነበር። በ1955ና በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃያ ሰባት ወንዶችና ሴቶች ልጆች ወደ እስራኤል አገር ክፋር ባትያ ወደምትባል የወጣቶች መንደር ተላኩ። አሳቡ ተምረው ተመልሰው በመንደራቸው እንዲያስተምሩ ነበር። በጎንደር ዙሪያ በብዙ መንደር ትንንሽ ተማሪ ቤቶች ተከፈቱ። ጎጆ፥ ሰሌዳ፥ ጥቂት መጽሐፍና አንድ ወጣት አስተማሪ ነበሩ።

ጥቂት ዓመት ሳይቈይ፥ እ.ኤ.አ. በ1958 ገደማ፥ ድርጅቱ ገንዘቡን ቀነሰ። አብዛኞቹም ተማሪ ቤቶች ተዘጉ፤ ከቀሩት ዋነኛው የአምቦበር ነበረ። በሩቅ አገር በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተሰረዘ የበጀት መስመር በደንብያና በወገራ መንደሮች ምን እንደሆነ ለመረዳት የዚያን ዘመን የመሬት ሥርዓት ማስታወስ ይገባል። ቤተ እስራኤል በብዙ ቦታ ርስት አልነበራቸውም። በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው፥ ወይም በብረትና በሸክላ ሥራ ይኖሩ ነበር። ክርስቲያኑ ገበሬ ደመወዙ ቢቀርበት ወደ አባቱ ርስት ሊመለስ ይችላል። ርስት የሌለው አስተማሪ ግን የሚመለስበት መሬት የለውም። በሌላ አገር ተምሮ፥ በሌላ ቋንቋ አንብቦ፥ ከእኩዮቹ የእጅ ሥራ ርቆ አድጓል። ስለዚህ ውሉ ሲቋረጥ የቀረበት ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ በመንደሩ ውስጥ የነበረው ቦታም ነው። በአስተማሪው ያመነው ወላጅ ደግሞ ልጁን ከሥራ አስቀርቶ ወደ ጎጆው የላከው በአስተማሪው ቃል ነበረ። ቃሉ ሲታጠፍ ያፈረው አስተማሪው ነው፥ ገንዘቡን የቀነሰው ጸሐፊ አይደለም።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ የርስቱ ነገር ተለወጠ፤ የተማሪ ቤቱ ነገር ግን አልተለወጠም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኦርት የሚባል የውጭ ማኅበር በጎንደር ክፍለ ሀገር ተማሪ ቤቶችና ሐኪም ቤቶች ሠራ። ሥራውም ለቤተ እስራኤልና ለጎረቤታቸው ክርስቲያን በአንድነት ነበረ። በ1981 እ.ኤ.አ. ግን ማኅበሩ እንዲወጣ ተደረገ። በዚያው ዘመን ዕብራይስጥ አስተምረዋል ተብለው የተጠረጠሩ ያገር ልጆች ታሠሩ፥ ተገረፉም። የውጭ አገሩ ሰው የመውጫ ወረቀት ሲሰጠው ያገሩ አስተማሪ የተሰጠው እስር ቤት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ታስሮ የነበረው ባዕዱ ነበረ፤ ያገሩ ሰው ተርፎ ሥራውን ቀጠለ። በኋለኛው ዘመን ግን ነገሩ ተገለበጠ።

ያን ጊዜ አሮጌው በር እንደገና ተከፈተ፤ ነገር ግን ለመውጫ ነበር። ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል በሌሊት እየተጓዙ፥ በአርማጭሆና በመተማ ቆላ በኩል ወደ ሱዳን ወረዱ። ንዳዱ፥ ጥማቱና ሽፍታው ጠበቃቸው። በገዳሪፍ አውራጃ በኡም ራኩባና በሌሎች ሰፈሮች በበሽታ አለቁ። በመንገድና በሰፈር የሞቱት አራት ሺህ ያህል እንደ ሆኑ ይገመታል። ከ1977 ዓ.ም. ኅዳር ወር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ በአውሮፕላን ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከተጓዦቹ መካከል አስተማሪዎችና የአስተማሪዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። አስቀድሞ ሱዳን ደርሰው ለሌላው መንገድ ካመለከቱት አንዱ ፈረደ አክሉም በሙያቸው አስተማሪ ነበሩ። አቶ ዮና ቦጋለ ደግሞ አስቀድመው በ1979 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደው ነበር፤ በዚያም በ1987 ዐረፉ። የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀታቸው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ለሚሄድ ልጅ ድልድይ ሆኖለታል። በመተማ በር የገባው የባዕድ መጽሐፍ፥ ያገር አስተማሪዎች በየመንደሩ አንብበውት፥ ከአንባቢዎቹ ጋራ በዚያው በር ወጣ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለአንድ ሕዝብ ወይም ለአንድ አውራጃ ብቻ አይደለም። ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎች የዓለም ከተሞች ዓለም አቀፍ የሚባሉ ተማሪ ቤቶች አሉ። በብዙዎቹ ዘንድ ከውጭ የመጣ አስተማሪና ካገር የተቀጠረ አስተማሪ በሁለት ልዩ ውል መቀጠራቸው የተለመደ ነው። ከውጭ ለመጣው የመንገድ ወጪ፥ የቤት ኪራይና ከፍ ያለ ደመወዝ ይሰጠዋል። ቤቱን ትቶ ለመጣ ሰው የመንገዱን መካስ በራሱ ግፍ አይደለም፤ እንግዳ ማክበርም ያገሩ ልማድ ነው። ግፍ የሚሆነው የመንገዱ ካሳ የዕውቀት ሚዛን ሆኖ ሲቈጠር ነው፤ ይኸውም ከሩቅ የመጣ ስለ ሆነ ብቻ ይበልጥ ያውቃል፥ ከቅርብ የተገኘ ስለ ሆነ ብቻ ያንሳል ሲባል ነው። የደንብያ ታሪክ ይህን አሳብ ይቃወማል። በዚያ ሥራውን ሲያውቅ የኖረው ሰው የቅርቡ ሰው ነበረ።

ሠራተኛ ዋጋው እንደሚገባው ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምራል። ዋጋ ማለት ግን ብር ብቻ አይደለም። ካገር ለተቀጠረ አስተማሪ የሚገባው ዋጋ በዚህ ታሪክ ሲመዘን ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ደመወዙ በጊዜው እንዲደርሰው ነው፤ የሚያስተምረው ሕፃን የሩቁን ለጋሽ ቸርነት እየጠበቀ ሊራብ አይገባውምና። ሁለተኛው ስለ ቤቱ በሚመከርበት ጊዜ አሳቡ እንዲሰማ ነው፤ በመዝጋትና በመክፈት የሚጐዳው አስቀድሞ እርሱ ነውና። ሦስተኛው ስሙ እንዲጻፍ ነው። ደብተራ ብሩ፥ ሚካኤል አረጋዊ፥ ታምራት አማኑኤልና ዮና ቦጋለ ስማቸው ሊጠራ ችሏል። በጀንዳና በየመንደሩ ጎጆ ፊደል ያስቈጠሩት፥ በክፉው ቀን ከተማሪዎቻቸው ጋራ የተቀበሩት፥ በቆላው መንገድ የቀሩት ብዙዎች ግን ስማቸው የሚታወቀው በእግዚአብሔር ዘንድ ብቻ ነው። ዛሬ ተማሪ ቤት የሚያቆም ሁሉ፥ ያገር ሰው ቢሆን ባዕድ፥ በደጁ ላይ የመሥራቹን ስም ሲያስጽፍ በመዝገቡ ውስጥ የአስተማሪውን ስም በሙሉ ያስጽፍ። ሌላው ቢቀር ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።